ቀለሙ አምሯል፤ መሪውስ?

አደጋ ደርሶበት የተጠገነ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚመረምረው ቀለሙን ነው። መኪናውን ፀሐይ ላይ አስወጥቶ አዲሱን ቀለም ከድሮው ጋር ያስተያያል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ኮፈኑ በደንብ መግጠሙን በጣቱ ይዳብሳል። ከዚያ ይፈርማል። መሪው ትዝ የሚለው ቆይቶ፣ የአዳማን ፈጣን መንገድ ሲይዝ ነው። እጁን ላላ ሲያደርግ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሄድበታል፤ ወይም መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ተጣሞ ይቆማል።

ወደ ጋራዡ ሲመለስ የሚሰጠውን መልስ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፦ «ምንም አይደል፣ አላይመንት ያሠሩት።» የዛሬ ጠቤ ከዚህ መልስ ጋር ነው። ከግጭት በኋላ አላይመንት ከሁሉ በፊት መመርመሪያ መሆን ሲገባው እኛ መድኃኒት አድርገነዋል።

ቪትዝንና ኮሮላን በመሳሰሉ መኪኖች ፊት ላይ አላይመንት ሠሪው በቁልፍ የሚያስተካክለው በአብዛኛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት በኩል ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ወይም እንደሚራራቁ፤ «ቶ» የሚሉትን። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ፣ ካምበር የሚባለው፣ እንዲሁም ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ መጋደሉ፣ ካስተር የሚባለው፣ ከፋብሪካ ተወስነው የመጡ ናቸው። ግጭቱ እነዚህን ካናጋ ሠሪው ቶውን አስተካክሎ መሪውን ቀና ሊያደርገው ይችላል፤ መኪናው ግን መጎተቱን አይተውም። ካስተር በግራና በቀኝ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ሲለያይ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ማድላት ይጀምራል።

አንድ ጎረቤቴ ኮሮላቸውን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀኝ የፊት ጎማዋን ተመተው ነበር። ጋራዡ የታችኛውን አርም ለወጠ፣ ባትላሜራው ቦዲውን ቀጠቀጠ፣ ቀለሙ ተቀባ። መኪናዋ ወጣች፤ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። አላይመንት ተሠራ፣ ትጎትታለች። ጎሚስታው የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያየረ፣ አሁንም ወደ ቀኝ ትጎትታለች። ይህ ሙከራ ርካሽ ነው፤ ጥፋቱ የጎማ ቢሆን ኖሮ መጎተቱ አብሮ ጎን ይቀይር ነበር። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ መሪውን ቀጥ አድርገው ከፊት ጎማው መሐል እስከ ኋላ ጎማው መሐል በሜትር ለኩ፤ በግራም በቀኝም። እኩል መሆን ሲገባው ቀኙ ከአንድ ሳንቲም በላይ አጠረ። «ጋሼ፣ አርሙ አዲስ ነው፤ አርሙን የያዘው ክሮስ ሜምበር ግን ወደ ኋላ ሄዷል» አሏቸው። የክሮስ ሜምበሩ ቡሎኖች ላልተው ወደ ቦታው ሲመለስ መጎተቱ ቀረ። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ የጠፋው የሚለካ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን መሪ ነቅሎ መሰካት ነው። መሪው ተጣሞ ከቆመ አንዳንዱ ጋራዥ ከዘንጉ ላይ ይነቅለውና ቀና አድርጎ መልሶ ይሰካዋል። ባለቤቱ ቀና መሪ አይቶ ይደሰታል። የተጣመመው ነገር ከሥር እንዳለ ነው። እንዲህ የተደረገበትን መኪና ማወቅ ብዙ ጊዜ ይቻላል፦ ከመሐል ተነሥተው መሪውን ወደ ግራ እስኪያልቅ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እስኪያልቅ ያዙሩና ዙሩን ይቁጠሩ፤ እኩል ካልሆነ ይጠይቁ። ሥራው በግዴለሽነት ከተሠራ ደግሞ ከመሪው ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል፤ ክላክሱ ዝም ይላል፣ የኤርባግ መብራትም አይጠፋም።

መኪናው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ መቼ እንደሚጎትት ልብ ማለት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ፍሬኑ ይታይ። የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ተብሎ መንገዶች ወደ ዳር ስለሚያዘነብሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ማድላት ከመንገዱም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሜዳ መንገድ ላይ ይሞከር። ወደ ግራ ታጥፎ ሲወጣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሲወጣ ወደ ቀኝ የሚስብ መኪና አንድ አልላወስ ያለ መገጣጠሚያ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከፊት ሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ብቻ ከተጣመመ፣ ቶው በትክክል መስተካከሉ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ፊቱን ትተው የኋላውን አክሰል ያስለኩ። የኋላ ጎማዎች ወደ ጎን ካዩ ሾፌሩ ሳያውቀው መሪውን አጣሞ ነው ቀጥ የሚነዳው። ከኋላ የተገጨ መኪና ፊቱ ላይ ሲደክሙ የሚውሉ ጋራዦች አሉ።

ኤሌክትሪክ መኪኖች ሲበዙ ጉዳዩ ይብሳል። መሪያቸው የሚታገዘው በሞተርና በሴንሰር ስለሆነ ከጥገና በኋላ ሴንሰሩ «ቀጥ» ማለት የቱ እንደሆነ በኮምፒውተር እንደገና ሊነገረው ይገባል። ይህ ያልተደረገለት መኪና ብረቱ ሁሉ ደህና ሆኖ እንኳ ወደ ጎን ሊስብ ይችላል። መዶሻ እዚህ አይሠራም።

ጥፋቱን ሁሉ በጋራዦች ላይ መጫን ግን አልፈልግም። ለኢንሹራንስ የሚሠራ ጋራዥ በአብዛኛው በዋጋ ተወዳድሮ ነው ሥራውን የሚያገኘው። ፕሮፎርማው ላይ መብራት አለ፣ ፓራውልት አለ፣ ቀለም አለ፤ «ልኬት» የሚል መስመር አይታየኝም። ያልተከፈለበትን ሥራ ማን ይሠራል? የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና ለዓመታት ልንነዳ ነው፤ ተጠግኖ የሚሸጠው መኪና ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ቤተሰብ ይሄዳል።

ስለዚህ ኢንሹራንሶች ጎማው ወይም እግሩ ለተመታ መኪና ሁሉ ልኬቱን ከጥገናው በፊትና በኋላ በራሳቸው ወጪ ያሠሩ። እርስዎም ርክክቡን ከመፈረምዎ በፊት የሁለቱንም ልኬት ወረቀት ይጠይቁ፤ የግራና የቀኝ ካስተርና ካምበር ቁጥሮች ከፋብሪካው ልክ ጋር ተጽፈውበት መሆኑን ይዩ። ወረቀት የለም ካሉዎት አይፈርሙ።