ስለ ጊሽጣ ቅጠል ግማሹን ብቻ አታትሙ

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጊሽጣ ቅጠል የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። በዚያው እትም መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የቅጠሉን ዱቄት «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» የሚል ማስታወቂያ አለ። የካንሰር መድኃኒት በሚዘጋጅበት የሆስፒታል ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጽሑፋችሁ በውሸት የተሞላ ስለሆነ አይደለም። ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢ ራሱ ይጥለው ነበር። ያሳሰበኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው፤ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ነውና።

ጽሑፉ ቅጠሉ ከታወቀ የኬሞ መድኃኒት 10,000 እጥፍ ይበረታል ይላል። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ነጋዴዎች ግራቪዮላ ወይም ሳወርሶፕ ከሚሉት ባለ እሾኽ ጊሽጣ አምስት አዳዲስ ውህዶችን ለይተው አወጡ። ከአምስቱ አንዱ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በሚያድጉ የአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ሲሞከር ከአድሪያማይሲን 10,000 እጥፍ ኃይል አሳየ። አድሪያማይሲን ሕሙማኖቻችን በቀይ ቀለሙ የሚያውቁት መድኃኒት ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ናችሁ። ውህዶቹ የወጡት ግን ከፍሬው ዘር እንጂ ከቅጠሉ አይደለም። የተሞከረው ተጣርቶ ብቻውን የወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ውጤቱ የታየውም በአንድ ዓይነት ሴል ላይ ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም፣ ኩላሊትና አንጎል የለውም። በሰው ላይ ተሞክሮ ይህ ቅጠል ካንሰርን እንደሚያድን ያረጋገጠ ጥናት እስከ ዛሬ የለም። ዘሩ በእናንተ ገጽ ላይ ቅጠል ሆነ፣ ሳህኑ ሰው ሆነ፣ ከዚያ ከገጹ ወደ ሻይ ጀበና ገባ።

ሁለተኛው ግማሽ ከዚህም ይብሳል። በጊሽጣ ዝርያዎች ውስጥ ያሉት እነዚህ ውህዶች፣ አሴቶጀኒን የሚባሉት፣ ሴሉን የሚገድሉት ኃይል የሚያመነጭበትን ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያን፣ በማፈን ነው። ታዲያ ማይቶኮንድሪያ ያለው የካንሰር ሴል ብቻ አይደለም። ኃይል አብዝተው ከሚፈጁት የሰውነታችን ክፍሎች አንዱ አንጎል ነው። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የፈረንሳይ ደሴት ጓዴሉፕ ሰዎች የዚህን ዛፍ ፍሬ ይበላሉ፤ ቅጠሉንም እንቅልፍ እንዲያመጣላቸው አፍልተው ይጠጡታል። እዚያ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ነገር አሳወቁ። ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ይዟቸው ከመጡ 87 ሰዎች መካከል የተለመደው ፓርኪንሰን የነበረባቸው 22ቱ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ሌላ ዓይነት ነበሩ፤ ቶሎ ቶሎ የሚወድቁና የተለመደው መድኃኒት የማይሠራላቸው ሕሙማን። ታሪካቸው ሲጠየቅ ከእነዚህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም የፍሬውና የቅጠሉ ሻይ ወዳጆች ሆነው ተገኙ። በኋላም አኖናሲን የተባለው ውህድ ተጣርቶ ለአይጦች በደም ሥር ሲሰጥ አንጎላቸውን ጎዳ።

ማጋነን አልፈልግም። የጓዴሉፑ ጥናት የሚያሳየው ቁርኝትን ነው፤ ሻዩ ሕመሙን ለማምጣቱ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። አልፎ አልፎ ፍሬውን የሚበላ ሰው እንዲደነግጥም አልሻም፤ ጊሽጣ የሚያለማ ገበሬም ገበያው እንዲዘጋበት አልፈልግም። የምለው ሌላ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ሻዩን የሚጠጣው አልፎ አልፎ አይደለም። ጠዋትና ማታ፣ ለወራት፣ በሚችለው መጠን አወፍሮ ይጠጣዋል። ሴል የመግደል ኃይሉን አምናችሁ ከጻፋችሁ፣ ያ ኃይል የት የት እንደሚደርስም መጻፍ ነበረባችሁ። ኃይል አለው ብሎ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል ጆሯችን የለመደው ቢሆንም ከራሱ ጋር የሚጣላ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት የእናቷን ማዘዣ ይዛ መስኮቴ ጋ መጣች። ማዘዣውን ከሰጠችኝ በኋላ ከቦርሳዋ አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ አወጣች። ውስጡ የደፈረሰ ቡናማ ውሃ አለ፤ ከሥሩ የተቀቀለ ቅጠል ዘቅጧል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ይሄን ከኬሞው በፊት ላጠጣት ወይስ በኋላ?» አለችኝ። ለሐኪሙ ነግራችሁታል ወይ ስላት ዙሪያዋን አየት አድርጋ «እንዴ፣ ይቆጣናል እኮ» አለች። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ። እናትየው ጡታቸው ላይ ትንሽ እብጠት አግኝተው ተመርምረው ነበር። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮም ተይዞላቸው ነበር። በመሐል አንድ ሰው ዱቄቱን ሸጠላቸው፤ «ቢላዋ ከነካው ይሠራጫል» ብሎም አስፈራራቸው። ቀጠሮው አለፈ። እብጠቱ እያደገ ሲሄድ ሰውየው «መርዙ እየወጣ ነው፣ አታቋርጡ» አላቸው። ሆስፒታል የተመለሱት ቆዳቸው ተሰንጥቆ ከቆሰለ በኋላ ነው። ልጅቱ ይህን የምትነግረኝ ሻዩን ለመክሰስ አልነበረም፤ አሁንም እንዲሠራ ትፈልጋለች። ፕላስቲኩን አቅፋ ይዛዋለች።

እኔ ልጅቱን አልወቅሳትም። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ተራ የሚጠብቅ ሕመምተኛ ወራት ይቆጠሩበት ነበር። ዛሬም ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው አልጋ ፈልጎ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከገበያ የጠፋ መድኃኒት አፈላልጎ ነው የሚታከመው። ቅጠሉ ግን ያለ ቀጠሮ ይገኛል። ሻጩ ስልክ ያነሣል፣ ጊዜ ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ትድናለህ ይላል። እኛ ጤና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አናደርግም፤ ጭራሽ ስንቆጣ ሰው ይደብቀናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዛሬ እየተደበቀ ያለው ግን በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው፤ ይህም ያንኑ ያህል ይጎዳል። የዚህ ቅጠል ጭማቂ የደም ግፊትንና ስኳርን እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ ታይቷል። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ በላዩ ሻይ ሲደርብበት ሐኪሙ ካላወቀ፣ ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ምክንያቱን ማን ያገኘዋል? ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼንም እለምናለሁ፦ ምን እየጠጡ እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ስትጠይቁም አትቆጡ።

ባህላዊ መድኃኒታችንን ትንቂያለሽ የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አልንቅም። በየቀኑ ከማዘጋጃቸው መድኃኒቶች አንዱ ከአትክልት ነው የተገኘው። በየግቢያችን ለጌጥ የምንተክላት፣ ሮዝና ነጭ አበባ የምታወጣ አንዲት ትንሽ ተክል አለች፤ አገሯ ማዳጋስካር ነው። ጃማይካ ውስጥ ሰዎች ለስኳር በሽታ ያፈሏት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከዚያ የተላከ ቅጠሏ ካናዳ፣ ዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ለሚሠራው ለሮበርት ኖብል ደረሰ። ለአይጦች በአፍ ሲሰጣቸው ስኳራቸው ንቅንቅ አላለም። ጭማቂው በመርፌ ሲሰጥ ግን ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ ወርዶ በኢንፌክሽን ሞቱ። ኖብልና ኬሚስቱ ቻርልስ ቢር የአይጦቹን ሞት ተከትለው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ቪንብላስቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት አገኙ። ከዚያው ተክል የወጣው ወንድሙ ቪንክሪስቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ከሚድኑባቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነው። ሰዎች ለስኳር ነበር የጠጧት፤ የምታክመው ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ይህን ማን ሻይ እየጠጣ ሊደርስበት ይችል ነበር?

መጠኑንም ተመልከቱት። ቅጠሏ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንድ ግራም ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ደረቅ ቅጠል ይፈጃል። እኔ ለአንድ አዋቂ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ የማዘጋጀው ቪንክሪስቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም። ያንንም ቁመቱንና ክብደቱን አስልቼ፣ ሌላ ባለሙያ ሒሳቤን ደግሞ አይቶልኝ፣ «በደም ሥር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጥፌበት ነው፤ ተሳስቶ ወደ አከርካሪ የተሰጠ እንደሆነ ይገድላልና። ከአትክልት የወጣ መድኃኒት ከእኛ ዘንድ የሚያገኘው ክብር ይህ ነው። የጊሽጣው ዱቄት ከረጢት ላይ ግን መጠን የለም፣ የተዘጋጀበት ቀን የለም። የየትኛው ጊሽጣ ቅጠል እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም፤ የጊሽጣ ዝርያው ብዙ ነው፣ ቅጠሉ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይን የሚለይ የለም።

የራሳችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማም ያሳዩን ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አይተው ብቻ ወደ ገበያ አልወጡም። ስንት እንደሚገድል፣ ምን እንደሚገድል፣ ሰውንና ከብትን ይጎዳ እንደሆነ ሲያስፈትሹ ዓመታት ፈጁ። የአገርን ዕፅ ማክበር ማለት ለእኔ የእሳቸው ዓይነት ትዕግሥት ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በሻንጣ ስለሚልኩት የጊሽጣ እንክብልም አንድ ነገር ልበል፤ «እዚያማ ተፈቅዷል» የሚል ክርክር ዘወትር ስለምሰማ። እዚያ የሚሸጠው በምግብ ማሟያ ስም ነው። ለዚህ ደግሞ በሽታ እንደሚያድን ማስመስከር አይጠበቅበትም። እንዲያውም ብልቃጡ ላይ በደቃቅ ፊደል ማንኛውንም በሽታ ለማከምም ሆነ ለማዳን የታሰበ አይደለም የሚል ቃል ታትሟል። ብልቃጡ የተላከላችሁ ሰዎች አዙራችሁ አንብቡት፣ ካልሆነም ልጆቻችሁን አስነብቡ።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። ካንሰር አድናለሁ የሚል ማንንም፣ ቅጠል ይሽጥ ሌላ ነገር፣ በማስታወቂያ ገጽዎ አያስተናግዱ። እንግሊዝ ይህን ዓይነቱን ማስታወቂያ ለሕዝብ ማሠራጨት እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣችው ሕግ ከልክላለች፤ እርስዎ ግን ሕግ ሳያስገድድዎት በራስዎ ውሳኔ ዛሬ ሊያቆሙት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ቅጠሉን ባነሣችሁበት በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ስፋት፣ ያስቀራችሁትን ግማሽ አትሙ፤ የዘሩን ነገር፣ የጓዴሉፕን ነገር። ቦታ ከተረፈም ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት መጀመሪያ የት እንደምትሄድ፣ ምን ምርመራ እንደሚታዘዝላት፣ ሪፈር እንዴት እንደሚጻፍላት ጻፉላት። ጽሑፉን ለማዘጋጀት እኔም የሥራ ጓደኞቼም ያለ ክፍያ እንረዳችኋለን። ስልኬን ከደብዳቤው ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ብትደውሉ አነሣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሆስፒታል ፋርማሲስት
አዲስ አበባ