የጠርሙሱ ውሃና የወንዙ ውሃ

አብሽ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣው ልጋግ ውሃ ለማጣራት ለሚሠራ ሃይድሮጄል አንዱ ጥሬ ዕቃ ነው። ኬሚስቱ ረጃጅሞቹን የስኳር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራል፣ አሲዳማ ቡድን ያክልባቸዋል፤ ጄሉም ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ ክሮምን ይይዛል። እስከዚህ ክርክር የለኝም። የሚያናድደኝ በምርምር ጽሑፎቹ ቀጥሎ የሚመጣው «99 በመቶ አስወገደ» ነው።

ከምን ውሃ? ብዙውን ጊዜ አንድ የብረት ጨው ብቻ ከሟሟበት ንጹሕ ውሃ። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ግን ቆዳው እንዳይበላሽ የተነሰነሰበት ጨው አለበት፤ ፀጉሩን ያራገፈው ኖራና ሰልፋይድ፣ ሞራና የሟሟ ፕሮቲንም አለበት። የኖራው ካልሲየም ክሮሙን ቀድሞ ጄሉ ላይ ቦታ ይይዛል፤ ሞራው ደግሞ ይለብጠዋል። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚይዙት ሄክሳቫለንት ክሮምን ነው፣ ያውም ሆምጣጤን ከሚያስንቅ አሲድ ውስጥ። ቆዳ የሚለፋው ግን በሌላው የክሮም ዓይነት፣ በትራይቫለንት ክሮም ነው፤ ከሚጨመረውም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ሳይዘው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። በኮምቦልቻ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርዱት ጅረቶች የተለካው ክሮም ዋና ምንጩ ይኸው ነው።

ጽሑፎቹ ሲጀምሩ «ለድሃው ገጠር የሚሆን ርካሽ መላ» ይላሉ። ገጠር ካሉ ዋግ ኽምራን እንውሰድ። እዚያ ያለችው የሰሃላ ሰየምት ወረዳ ያላት ፍየል እንጂ የቆዳ ፋብሪካ አይደለም። ቆዳው ተገፎ ይሄዳል፤ ክሮም የሚነካው ሌላ ቦታ ነው። የሰሃላ ሰው ጭንቅ ውሃ ራሱ ነው። በ2016 ዓ.ም ድርቁ ሲመታው የጎደለው ማጣሪያ አልነበረም። መቀንጨርን ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ንጹሕ ውሃ ማዳረስን ይዟል።

ጄሉ ከጠገበ በኋላስ? ክሮም ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። በአሲድ ካጠቡት ወደ አሲዱ ይዞራል። ከጣሉት ደግሞ ጄሉ ይበሰብሳል፤ «ከዕፅዋት ስለተሠራ በቀላሉ ይፈርሳል» ተብሎ የተወደሰበት ባሕርይ የያዘውን ክሮም እዚያው መሬት ላይ ያራግፈዋል። ይህን በሁለት መስመር እንኳ የማያነሳ ጽሑፍ ሞልቷል።

ለነገሩ ክሮምን ለመመለስ ጄል መጠበቅ አያስፈልግም። የክሮሙን ፍሳሽ ከሌላው ለይቶ ማግኒዥየም ኦክሳይድ መጨመር፣ የዘቀጠውን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ ለማልፊያ ማዋል የቆየ የፋብሪካ ዘዴ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል። ሁለቱም እያሉ ዩኒቨርሲቲው ዛሬ የሙዝ ልጣጭ፣ ነገ የጤፍ ጭድ ሲፈትሽ፣ ፋብሪካው «መፍትሔው በጥናት ላይ ነው» የሚልበት ሰበብ ያገኛል።

ተመራማሪዎቹ ሥራ ያቁሙ አልልም። ጄላቸውን ከፋብሪካው ቱቦ አፍ ላይ፣ ከክረምት እስከ ክረምት ያቁሙት። መቶኛውን ትተው በሊትር ስንት ሚሊግራም ክሮም እንደቀረ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ ለማጣራት ስንት ብር እንደወጣ፣ የጠገበው ጄል የት እንደተቀበረ ይጻፉ። ወጪውንም ፋብሪካው ይክፈል።