ግልጽ ሐሳብ ባለቤት ሊኖረው ይገባልን?

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ሥዕል አለ እንበል። በሥዕሉ ላይ ጠቋሚ ምልክት እንዲታይ፣ ምልክቱ ሲነሣም ሥዕሉ እንደነበረ እንዲመለስ ተፈልጓል። ነገር ግን የተሸፈነውን ክፍል ቀድቶ የሚያስቀምጥ ትርፍ ሜሞሪ የለም። ምን ታደርጋላችሁ?

የዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የወሰደ ተማሪ ኤክስኦር የተባለውን የሎጂክ ጌት ማስታወሱ አይቀርም። ጌቱ ሁለት ቢቶች ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 ይሰጣል። የሥዕሉ ቢት 1፣ የጠቋሚውም 1 ቢሆን ውጤቱ 0 ነው፤ በዚህ ውጤት ላይ ያንኑ የጠቋሚ ቢት ዳግመኛ ብናሳርፍ የቀድሞው 1 ይመለሳል። እንግዲህ ጠቋሚው በመጀመሪያው ዙር ይታያል፣ በሁለተኛው ይጠፋል፤ ሥዕሉም ሳይጎዳ ይቀራል። መፍትሔው ከጌቱ ባሕርይ በቀጥታ የሚፈልቅ ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ዘዴ ላይ የተመሠረተ የማሳያ መሣሪያ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የፓተንት ቁጥር 4,197,590 ተሰጥቶታል። በወቅቱ በነበረው ሕግ ፓተንት ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ለ17 ዓመታት ይጸና ነበር። ፓተንት የሚከለክለው መቅዳትን ብቻ አይደለም። ከማንም ሳይቀዳ በገዛ አእምሮው እዚያው መፍትሔ ላይ የደረሰ መሐንዲስም ያለ ፈቃድ ቢሠራበት ተጠያቂ ይሆናል። ፍርሃቴም ከዚህ ይመነጫል።

በአንጻሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ሌላው ከሠራው በኋላ «ይህማ ቀላል ነው» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ቁራጭ ላይ መሥራት ዛሬ ግልጽ ይመስለናል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ጄፍሪ ዳመር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1952 በይፋ ቢያቀርብም፣ በተግባር ለማሳየት ያደረገው ጥረት አልሰመረም። ጃክ ኪልቢ በ1958 በጀርማኒየም ሠርቶ አሳየ፤ ሮበርት ኖይስም በ1959 ለሲሊከን የሚስማማውን መንገድ አገኘ። ለእነዚህ ሰዎች የተሰጠው ፓተንት የሚገባ ዋጋ ነው።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? በእኔ እምነት ሚዛኑ እንዲህ ሊሆን ይገባል፦ ችግሩ በሙያው ሰዎች ዘንድ ታውቆ ለዓመታት ሳይፈታ ቆይቶ ነበርን? ወይስ ጥያቄው በቀረበ ዕለት መልሱ አብሮት የሚመጣ ነበር? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ መኪና ፔዳል በሰጠው ውሳኔ፣ የታወቁ ክፍሎችን አጣምሮ የሚጠበቅ ውጤት ማግኘት ብቻውን ለፓተንት እንደማያበቃ አስረድቷል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ፓተንት የሚሰጠው ሥራ በመስኩ ተራ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ ያልሆነ እንዲሆን ደንግጓል።

የሕጉ ቃል መልካም ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በመርማሪው እጅ ነው። መርማሪው ሙያውን ጠንቅቆ ካላወቀ፣ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፈው መልስ የአንድ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶች ወደ ፓተንት ምርመራ ሙያ ብትገቡ ለሳይንስ ትልቅ ውለታ ትውላላችሁ።