መልካቸው አንድ፣ ዋጋቸው ሁለት

በቡና አገር ያደገች ሴት ጆንያውን ከውጭ አይታ ብቻ ቡና አትገዛም። እጇን አስገብታ ትዘግናለች፣ ፍሬውን ትመለከታለች፣ ታሸታለች፣ መድረቁንም በጥርሷ ትፈትናለች። ይህ የቆየ ጥንቃቄ ለኮምፒዩተር ሞኒተር ግዢም ያስፈልጋል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሚዛንና በቴፒ ግቢዎች አሉት፤ ልጅዋን የምታስተምር እናትም ሆነች ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ስትሠራ የምትውል ሠራተኛ ይህን ዕቃ መምረጥ የሚገጥማት ጊዜ አለ።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሞኒተሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም በስፋት እኩል ናቸው፤ ይሁን እንጂ አንደኛው በዋጋ ከሌላው እጅግ ይበልጣል። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ሳይጠይቁ ውዱን ማንሣት ለቤት ወጪ የሚሆነውን ገንዘብ ማባከን ነው። ርካሽ ነው ብሎ ያላዩትን መሸከምም እንዲሁ ያስቆጫል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የነጥቦቹ ብዛት ነው። በሞኒተር ላይ የሚታየው ፊደልና ሥዕል የተሠራው ከጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው። 1366 በ768 የተባለው አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥብ ሲኖረው፣ 1920 በ1080 የተባለው ሁለት ሚሊዮን ያህል አለው። በእኩል ስፋት ላይ የኋለኛው ፊደሉን አጥርቶ ያሳያል፤ በሂሳብ ሠንጠረዥም ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ያስነብባል። ለዚህ ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፈል አያስቆጭም።

ሁለተኛው የገጹ ዓይነት ነው። ቲኤን በሚባለው ዓይነት ላይ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይለወጣል፤ አይፒኤስ የሚባለው ግን ከጎንም ያው ነው። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም። ሞኒተሩ ተከፍቶ ሳለ ግራና ቀኝ ቆሞ ማየት ይበቃል። ሁለት ልጆች አብረው ለሚያጠኑበት ቤት ይህ ጠቃሚ ነው።

በአንጻሩ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ለቤት ሥራ የማይጠቅም ነገርም አለ። 144 ኸርዝ የሚለው ቁጥር ምስሉ በሴኮንድ 144 ጊዜ ይታደሳል ማለት ሲሆን፣ በተለይ የሚጠቅመው ለፈጣን ጨዋታ ነው። ለጽሑፍና ለሂሳብ 60 ይበቃል። እግሩ ከፍና ዝቅ የሚል ሞኒተርም ምቹ ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ግን ጠንካራ ሣጥን ከሥሩ አድርጎ የላይኛውን ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ማዋል ይቻላል። አንድ ክንድ ያህል ርቆ መቀመጥና በየ20 ደቂቃው ዓይንን ወደ ሩቅ ማሳረፍም ምንም ወጪ የለውም።

መሰኪያውም አይረሳ። የቆዩ ኮምፒዩተሮች ቪጂኤ የሚባለውን ባለ 15 ቀዳዳ መሰኪያ፣ አዲሶቹ ደግሞ ኤችዲኤምአይን ይጠቀማሉ። በቤት ያለውን ሳያዩ ከሄዱ ለመቀየሪያ ሌላ ወጪ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ሳይከፈል ሞኒተሩ በርቶ ይታይ። ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎም ሙሉ ጥቁር ምስል ሲወጣበት በቦታው የማይለወጥ ነጥብ ካለ ጉድለት ነው። በተለይ ከአዲስ አበባ ለሚያስመጣ ሰው መንገዱ በጅማና በቦንጋ አልፎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የተበላሸ ዕቃ መመለስ ሌላ ዕዳ ነው። ስለዚህ ደረሰኙና የዋስትናው ጊዜ በጽሑፍ ይያዝ። ከዋጋው የተረፈው ገንዘብ ደግሞ መብራት ከፍና ዝቅ በሚልበት ቤት ለኃይል ማመጣጠኛ መግዣ ይሁን።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ጠይቃና ፈትና የገዛች እናት ርካሹንም ብትወስድ ውዱን፣ ለምን እንደከፈለች ታውቃለች።