መላእክት አይደለንም

መምህሩ የቆየ ኖታቸውን ይዘው ይገባሉ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያስጽፉናል። ሰዓቱ ሲሞላ ይወጣሉ። እኛም ጣታችንን እያሸን ከክፍል ስንወጣ የምንሰድበው ስድብ የታወቀ ነው፤ «ይሄ እኮ የመካከለኛው ዘመን ትምህርት ነው!» እንላለን። ስድቡ ይጥመናል፤ ያነበብን ያስመስለናል። በዚያ ዘመን የሰው አእምሮ እንደ ሰም ይቆጠር ነበር፤ ቄሱ ማኅተሙን ይዞ መጥቶ ጫን ያደርግበታል፤ ሰሙም ዝም ብሎ ይታተማል፤ በቃ። የምናስበው ይህንን ነው።

እኛ ግን ይህ ስም ማጥፋት ነው እንላለን። የሞቱ ሰዎችን ስም ማጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቴንስልና ቀለም ባላባከንን ነበር። ችግሩ ስድቡ የራሳችን ገመና መሸፈኛ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ የሰሙ ምሳሌ ከየት መጣ? አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የስሜት ሕዋስ የነገሩን መልክ ያለ ቁስ አካሉ ይቀበላል፤ ሰም የቀለበቱን ምልክት ሲቀበል ብረቱን ወይም ወርቁን እንደማይወስድ ማለት ነው ብሏል። ልብ እንበል፤ ይህ የተባለው ስለ ማየትና ስለ መስማት ነው። ወደ አእምሮ ሲመጣ ምሳሌው ሌላ ነው፦ ገና ምንም ያልተጻፈበት ሰሌዳ። ይህ መጽሐፍ ከዐረብኛ ማብራሪያዎቹ ጋር ወደ ላቲን ተመልሶ በ13ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ላይ ሲነበብ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሊቃውንቱን ያፋጃቸው ጥያቄ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ማን ነው? የሚል ነበር።

ከላይ ነው የሚል ነበር። ኢብን ሲና (980–1037) ሰው ሲያይና ሲያስብ ነፍሱን ያዘጋጃል እንጂ የሚታወቁትን መልኮች ራሱ አያፈልቃቸውም፤ ከሰው በላይ ካለው አድራጊ አእምሮ ይፈስሱለታል ሲል አስተምሮ ነበር። ከውስጥ ነው የሚልም ነበር። አውግስጢኖስ ገና በ389 ከልጁ ጋር በተነጋገረበት «ስለ መምህር» በተባለው ድርሰቱ፣ የአስተማሪ ቃል ምልክት ብቻ ነው፤ ተማሪው የሰማው እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያየው ወደ ውስጡ ተመልሶ ነው፤ እውነተኛው መምህርም በውስጥ ያለው ክርስቶስ ነው ብሎ ነበር። እንዲያውም ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ አባት አስተማሪው የሚያስበውን እንዲያጠናለት ብሎ የሚልክ ሞኝ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የኛ መልስ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያውቀዋል።

ቶማስ አኲናስ ከ1256 እስከ 1259 ፓሪስ ውስጥ ሲያስተምር ይህንኑ ጥያቄ አነሣ፦ ሰው ሰውን ማስተማር ይችላል? ሁሉ ነገር ከውጭ ይመጣል የሚሉትንም፣ ሁሉ ነገር ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያስፈልገው አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነው የሚሉትንም አልተቀበለም። በሰው ውስጥ ያለው የእውቀት ዘር ነው አለ። መምህሩን ከሐኪም ጋር ያመሳስለዋል። ሐኪም መድኃኒት ይሰጣል፤ የሚድነው ግን የበሽተኛው የገዛ ተፈጥሮ ሲሠራ ነው። ጤና ከሐኪሙ ሰውነት ወጥቶ በበሽተኛው ላይ አይገለበጥም። እውቀትም ከመምህሩ ደብተር ወጥቶ በኛ ደብተር ላይ ሲገለበጥ እውቀት ሆኖ አይደርስም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ቶማስ እውቀት ታትሞ የሚሰጠው ፍጡር አለ ይላል፤ አለ፣ እሱም መልአክ ነው። መልአክ ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ ከነገሮች ምንም ሊለቅም አይችልም። ስለዚህ የነገሮች አምሳያ ገና ሲፈጠር ተሰጥቶታል። መልአክ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላው እየተንደረደረ አያሰላስልም፤ አይሳሳትም አይጠይቅም፤ ያያል፣ አለቀ። ሰው ግን ባዶ ሰሌዳ ይዞ ይወለዳል፤ ከዓይኑና ከጆሮው ይለቅማል፤ ያወዳድራል፤ ይሳሳታል፤ ይመለሳል። እንግዲህ በመካከለኛው ዘመን መዝገብ መሠረት ሃንድአውት የሚገባው ለመላእክት ነው። ከኛ ዶርም ደግሞ እንኳን መልአክ፣ ለመልአክነት የሚያመለክትም አልተገኘም።

(በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ ሰም ከወርቅ ጋር ነው የሚጠራው። ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቅኔውን ሰማ አይባልም።)

ሌላም አለ። አንዳንድ የፓሪስ መምህራን ኢብን ሩሽድን (1126–1198) ተከትለው፣ የሚቀበለው አእምሮ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ከሱ ጋር የሚገናኘው በምናቡ ውስጥ ባሉት ሥዕሎች ነው አሉ። ቶማስ በ1270 ተነሣባቸው። እንዲህማ ከሆነ «ይህ ሰው ያውቃል» ልንል አንችልም አላቸው። የግድግዳው ቀለም በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ስለ ገባ ግድግዳው አየ ይባላል ወይ? ግድግዳው ታየ እንጂ አላየም!

ይቺ ግድግዳ እኛን ትመለከታለች። የፈተና ወረቀቶቻችንን ደርድሮ ያየ ሰው አንድ አእምሮ ሁላችንንም እንዳስጻፈን ይምላል፤ ዓረፍተ ነገሩ አንድ፣ ምሳሌው አንድ፣ ስሕተቱ እንኳ አንድ። ኢብን ሩሽድ ፓሪስ ላይ ቢወገዝም በኛ ችከላ ተቋቁሟል። ቀለሙ በኛ ላይ አለ፤ የሚያየው ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን ለቤተ ክህነት ጠበቃ ቆማችሁ ይሉን ይሆናል። አልቆምንም። መጫን አልነበረም አላልንም። ማርች 7 ቀን 1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤቴን ታምፒዬ 219 ዐረፍተ ሐሳቦችን አውግዟል። ቶማስ ራሱ ለመቀበል ብዙ ቦታ ሰጠ፤ ነገሩ ራሱ አእምሮ ላይ አይታተምም፣ አእምሮ ነው በትኩረቱ ወደ ነገሩ የሚዘረጋው ብሎ የተከራከረው ፍራንቸስካዊው ፒየር ዣን ኦሊቪ በ1283 ጽሑፎቹ በገዛ ማኅበሩ ተመርምረው ተነቅፈዋል። ግን እንይ እስቲ፤ ያ ሁሉ ውግዘት ለምን አስፈለገ? አእምሮ ሰም ቢሆን ኖሮ ማን ይወገዝ ነበር?

«መጽሐፉ አይዳረስም፤ ፈተናው የሚጠይቀው ቃሉን ነው፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚለውም እውነት አለበት። ፈተናውን ያወጣነው እኛ አይደለንም። ነገር ግን ማኅተሙን እየለመነ የሚያስመጣው ማን እንደሆነ አንድ ሰነድ እናስታውስ።

ዲሴምበር 10 ቀን 1355 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የአርት ፋኩልቲ ደንብ አወጣ። የማስተማሪያው መንገድ ሁለት ነው ይላል። አንደኛው መምህሩ ፈጠን ብሎ ሲናገር አእምሮ የሚከተለው፣ እጅ ግን የማይደርስበት ነው። ሁለተኛው ተማሪው በብዕሩ እንዲለቅም እየጎተቱ ማስጻፍ ነው። ሁለቱ ተመዘኑ፤ የመጀመሪያው ተመረጠ፤ የሚያስጽፍ መምህር ለ1 ዓመት ከማስተማር ይታገዳል ተባለ። አያችሁ፣ ያ «የመካከለኛው ዘመን ትምህርት» የምንለው ነገር በመካከለኛው ዘመን የተከለከለ ነበር!

ደንቡን ያውኩታል ተብለው የተፈሩትስ እነማን ነበሩ? ተማሪዎቹ ናቸው። በጩኸት፣ በፉጨት፣ በድንጋይ ውርወራ የሚቃወም ተማሪ እሱም ለ1 ዓመት ከማኅበሩ ይለያል፤ ራሱ የወረወረ ብቻ ሳይሆን በአሽከሩ ያስወረወረም ጭምር። አስጽፉን ብሎ ድንጋይ መወርወር፣ እሱንም በአሽከር!

እኛ አሽከር የለንም። ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህር «ኖት አልሰጥም፤ አንብባችሁ ኑና እንከራከር» ቢሉ ክፍሉ በሙሉ ወለሉን በእግሩ ሲደበድብ፣ ይህንን የምንጽፈው እኛም ከኋላ ወንበር ሆነን ደብድበናል።