ፖምፓው ከመውረዱ በፊት

ማለዳ አልነሣ ባለ የናፍጣ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል። ቁልፉ ሁለት ሦስቴ ይዞራል፣ ሞተሪኖው ያጓራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ ይላል፤ ወዲያው «ፖምፓው ሞቷል» ወይም «ኖዝሎቹ አልቀዋል» የሚል ቃል ይወጣል። ፖምፓ አስወርዶ ማሠራት ደግሞ ለአንድ የአይሱዙ ወይም የሚኒባስ ባለቤት ቀላል ወጪ አይደለም፤ መኪናው ጋራዥ በሚቆምባቸው ቀናት የሚቀረው ገቢም ይታከልበታል። አቋሜ አጭር ነው፦ ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው የናፍጣ መስመር ተፈትሾ ንጹሕነቱ ሳይረጋገጥ ማንም ፖምፓ ማውረድ የለበትም። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ ቃል በቃል ይሠራል፤ የናፍጣው ምንጭ ሰልባትዮው ነውና ፍተሻውም ከዚያ ይጀምር።

ይህን የምለው ከሞተሩ አሠራር ተነሥቼ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ካንዴላ የለውም። የሳበውን አየር ከ15 እስከ 22 እጥፍ ያህል ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው እንደ ጉም ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሣ በቂ ዙር፣ በቂ ሙቀት፣ እንዲሁም በጊዜውና በግፊት የሚደርስ ናፍጣ ያስፈልገዋል። የትኛው እንደጎደለ በአብዛኛው የጭስ ማውጫው ይናገራል። ሞተሪኖው እያዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ገብቷል፣ በደንብ መቃጠል ግን አልቻለም፤ ጥርጣሬው ለማስነሻ ሲሊንደሩን ወደሚያሞቀው ካንዴሌታ፣ ወደ ደከመው ባትሪ፣ ወደ ፒስተን ቀለበቶቹና ወደ ቫልቮቹ ይዞራል። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው አልደረሰምና መስመሩን መከተል ነው። ይህን ለመለየት አንዱ ቁልፍ ሲያዞር ሌላው ከኋላ ቆሞ ማየቱ ይበቃል።

በመስመሩ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው አየር ነው። በብዙ መኪኖች ናፍጣውን የሚስበው ፓምፕ ሞተሩ አጠገብ ስለሚገኝ ከሰልባትዮው እስከዚያ ያለው ቱቦ የሚሠራው በመሳብ ነው። የሚሳብበት ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ሲላላ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ቱቦው ደረቅ ነው፣ ችግር የለበትም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያስኬድም። አየር ደግሞ እንደ ናፍጣ አይደለም፣ ይጨመቃል፤ ፖምፓው በገፋው ቁጥር እንደ ስፖንጅ እየተኮማተረ ኖዝሉን የሚከፍተው ግፊት ሳይፈጠር ይቀራል። መኪናው ቆሞ ሲያድር በዚያችው ቀዳዳ አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት የሚያስቸግር፣ በእጅ ፓምፑ ሲገፉለት የሚነሣ፣ ከተነሣ በኋላ ቀኑን ሙሉ በሰላም የሚሠራ መኪና መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በዚህ ነው። የእንዲህ ያለውን መኪና ፖምፓ ማውረድ ጥርሱን ያመመውን ሰው ሆዱን እንደ መቅደድ ይቆጠራል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከውኃ ማጣሪያው ሥር ትንሽ ናፍጣ በጠርሙስ ቢቀዳ፣ ውኃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ ማስታወስ፣ የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ መደፈን አለመደፈኑን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ፖምፓው የሚገባው ቱቦ ውስጡን በሚያሳይ ቱቦ ለጊዜው ይተካ፤ አረፋ እየተከታተለ ከመጣ አየር መግባቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። በመጨረሻ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፍ ተደርጎ ከፖምፓው ጋር በአጭር ቱቦ ይገናኝ፤ የመመለሻው ቱቦም እዚያው ይግባ። መኪናው በዚህ ከተነሣ ጥፋቱ ከሰልባትዮው፣ ከቱቦው ወይም ከፊልትሮው ነው። አየሩ ወጥቶለትም ካልተነሣ ያን ጊዜ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን ለመጠርጠር ምክንያት ተገኘ።

የአገራችን ከፍታም በፍርዱ ውስጥ ሊገባ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፣ ሌሊቷም ይበርዳል። በሳሳና በቀዘቀዘ አየር የታመቀው አየር ግለት ይቀንሳል። ቆላው አዋሽ አድሮ ሳያንገራግር የሚነሣ፣ ደብረ ብርሃን አድሮ ግን የሚያስቸግር መኪና ይበልጥ የሚያስጠረጥረው በሙቀት እጦት ነው። ቆላም ደጋም ቢያድር ጠዋት ጠዋት እኩል የሚያስቸግረው ግን ወደ መስመሩ ያመለክታል። የት አድሮ እንዳስቸገረ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ብዙ ገንዘብ ግን ያድናል።

«ናፍጣችን ቆሻሻ ነው፣ ፖምፓውን የሚበላውም እሱ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ውኃና ደቃቅ አሸዋ የፖምፓን ውስጥ ይፍቃሉ፣ በየመንገዱ በጀሪካን የሚገዛ ናፍጣም ይህን ያባብሳል። ነገር ግን ይህ ክርክር እኔኑ ይደግፋል፦ ሰልባትዮው ሳይታጠብ፣ ፊልትሮው ሳይቀየር የሚገጠም አዲስ ፖምፓ ያንኑ ቆሻሻ ይጠጣል። ሌሎች «አዲሶቹ መኪኖች በኮምፒውተር ይመረመራሉ» ይላሉ። ኮምፒውተሩ ግፊት ማነሱን ይናገራል እንጂ የፊልትሮ መደፈን ይሁን፣ አየር ይሁን፣ ከኖዝሎቹ የሚመለሰው ናፍጣ መብዛት ይሁን ብቻውን አይለይም። በነዚህ መኪኖች ላይ ግፊቱ ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ እንደ ድሮው የኖዝል ቱቦ አላልቶ ማየት ቆዳ የሚበሳ አደጋ አለው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ግፊት ካለበት ወገን መጀመር የበለጠ ግዴታ ይሆናል። «ጊዜ የለንም» ብሎ ኤተር እየረጩ ማስነሣትም መፍትሔ አይደለም፤ ከጋለ ካንዴሌታ ጋር ሲገናኝ ያለ ጊዜው ይቀጣጠልና ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

ጥፋቱን ሁሉ መካኒኩ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ ባለመኪኖች ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለምርመራ መክፈል ግን እንደ ብክነት እናያለን። አንድ ሰዓት ሙሉ መስመር ፈትሾ የላላ ማሰሪያ ያጠበቀ ባለሙያ «ምን ሠራህና?» ከተባለ፣ ነገ ዕቃ መቀየርን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏልና፣ በእጃችን ያሉትን የናፍጣ መኪኖች በእውቀት ማቆየት ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያዋጣል። ስለዚህ ባለመኪኖች ሆይ፣ ለዕቃው ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ለምርመራው ተነጋገሩ፣ ክፈሉበትም። መኪናው እምቢ ባለ ቀን መካኒኩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ንጹሕ ናፍጣ፣ ያለ አየር፣ ፖምፓው ጋ መድረሱን አሳየኝ።» ይህን ሳታዩ ፖምፓ እንዲወርድ አትፍቀዱ።