ዲፕሎማ የማይሰጠው ትምህርት ቤት

በእርሻ ላይ የሚቆም፣ ፈተናም ዲፕሎማም የሌለው የሕዝብ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጠርም። መደበኛው ትምህርት ያመለጣቸው ሰዎች ሽመናና ጓሮ አትክልት የሚለማመዱበት፣ ለሁሉም ክፍት መሆኑም ከቸርነት የመጣ ነው ይባላል። የሃይላንደር ታሪክ ግን ይህን አስተያየት ያፈርሰዋል።

የሕዝብ ትምህርት ቤት ሐሳብ የዴንማርካዊው ግሩንትቪ ሲሆን የመጀመሪያውም እ.ኤ.አ. በ1844 እዚያው ዴንማርክ ተከፈተ። አሜሪካዊው ማይልስ ሆርተን ይህን በቦታው አይቶ ሲመለስ፣ በ1932 ከዶን ዌስት ጋር በቴነሲ ተራሮች፣ ሞንትኢግል አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ሃይላንደርን መሠረተ።

የግዛቲቱ ሕግ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ከ1901 ጀምሮ ይከለክል ነበር። በሃይላንደር ግን ሁለቱ በአንድ ገበታ ይበሉ፣ በአንድ ግቢ ያድሩ ነበር። ሮዛ ፓርክስ በ1955 ክረምት እዚያ ሰንብታ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም አለች። ስለ ቆይታዋ ስትናገር ያስደሰታት ጠዋት የሚሸተው ቡናና የሚጠበሰው ሥጋ፣ ከሁሉም በላይ ቁርሱን የሚያዘጋጁት ነጮች መሆናቸው ነበር። ዋናው ትምህርት ይኸው ነው፤ ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ማዕድ ቤቱ አስተምሯል።

ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ ግን በሳውዝ ካሮላይና የሚገኘው የጆንስ ደሴት ነው። ለመራጭነት መመዝገብ የሚፈልግ የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ማንበብ ይጠበቅበት ስለነበር፣ አንብቦ የማያውቅ ጥቁር ገበሬ ድምፅ አልነበረውም። ኢሳው ጄንኪንስ በአውቶቡሱ ወደ ቻርልስተን የሚያመላልሳቸውን ሠራተኞች በመንገድ ላይ ያስጠና ነበር፤ አልበቃም። ቀድሞ የተሞከረው የጎልማሶች ትምህርትም ትልልቅ ሰዎችን በሕፃናት ወንበር አስቀምጦ ፊደል ስላስቆጠረ ተማሪዎቹ ሸሹ። ጄንኪንስ ችግሩን ይዞ ሃይላንደር መጣ። በሃይላንደር የምትሠራው ሴፕቲማ ክላርክ ነባር መምህርት ነበረች፤ ሆኖም ለክፍሉ የተመረጠችው አስተምራ የማታውቀው ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ በርኒስ ሮቢንሰን ናት። በጥር 1957 ክፍሉ በአንድ ሱቅ ጓዳ በ14 ተማሪዎች ተጀመረ፤ ከፊት ለፊት ሸቀጥ ይሸጣል፣ ከኋላ ይነበባል። ሮቢንሰን አስተማሪ አይደለሁም፣ አብረን እንማራለን ብላ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስማቸውን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መሙላት ፈለጉ፤ ትምህርቱም ከዚያ ተነሣ። በ1961 ፕሮግራሙ ወደ ማርቲን ሉተር ኪንግ ድርጅት ተዛውሮ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሁሉ ተስፋፋ።

ይህ ሁሉ ያለ እርሻ በከተማ አዳራሽ ይሠራ ነበር የሚል አይጠፋም። በዚያ ዘመን ደቡብ ጥቁርና ነጭን አብሮ የሚያሳድር የትኛው ሆቴል ነበር?

የሃይላንደርን ክብደት ከወዳጆቹ ይልቅ ጠላቶቹ ተረድተውት ነበር። በ1959 ፖሊስ ግቢውን ወረረ፤ ያለ ፈቃድ ቢራ ይሸጣል የሚል ክስም ተመሠረተ። በ1961 ፈቃዱ ተነጥቆ ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ። ሽመና ለማስቆም ይህን ያህል የሚደክም መንግሥት የለም። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግም ከዋሽንግተን አዳራሾች ይልቅ የዚያ የሱቅ ጓዳ ባለዕዳ ነው።